ሐዋ የቆለፈችው ስልክ

ሰኞ፣ ጥቅምት 7 ቀን 2009
ጊደር መጋላ ገበያው ቀዝቅዞ ዋለ። ትንሽ ከሙን፣ ትንሽ አብሽ ሸጥኩ። ከመግሪብ በኋላ የሚስቴን የሐዋን ስልክ ከሣጥን አወጣሁት። ታማ በተኛችበት ዚክሪ፣ የአላህን ውዳሴ፣ እያዜመች ትቀዳበት ነበር፤ ስገባ ዝም ትላለች። እንደቆለፈችው ሞተች። አላህ ይርሐማት። ድምጿን አንዴ ብሰማ ምን አለበት?

ረቡዕ፣ ጥቅምት 9
ልጄ ዋፊቃ ኮሌጅ ኮምፒውተር ታስተምራለች። ክፈቺልኝ አልኳት።
"እማዬ ፈቅዳለች?"
"የሞተ ሰው እንዴት ይፈቅዳል?"
"እኔስ እሱን አይደል የምልህ፣ አባ!"
በየዓመቱ ለተማሪዎቿ የምታነሳው አንድ ፈላስፋ አለ። ኮምፒውተር ትናንት ያልተቻለውን ዛሬ ያስችላል፤ ደንቡ ግን ገና አልወጣም፤ ደንብ በሌለበት ሰው ቆም ብሎ ያስብ... ይላል አሉ።
ተናደድኩ። የፈረንጅ ፈላስፋ ሐዋን ከየት ያውቃታል?

ቅዳሜ፣ ጥቅምት 12
ኤረር በር፣ ነስሮ ዘንድ ወሰድኩት። ዘፈንና መንዙማ ሚሞሪ ላይ የሚጭነው።
"ሻይ ጠጥተው ይመለሱ፣ ጋሼ ዓሊዪ።"
ስመለስ ሚሞሪውን አውጥቶ፣ ያለውን ሁሉ ኮምፒውተሩ ላይ ገልብጦ ጠበቀኝ። ቤት ገብቼ ሚሞሪውን በራሴ ስልክ ከትቼ ሰማሁ። ሐዋ ናት... ሳሏ እንኳ ሳይቀር። አለቀስኩ። አልሐምዱሊላህ።
ለዋፊቃ አልነገርኳትም።

ዓርብ፣ ኅዳር 16
ከጁምዓ ስመለስ ባጃጅ ያዝኩ። ሹፌሩ ቴፑን ከፍ አደረገው። ሐዋ!
"ይህን... ከየት አመጣኸው?"
"ነስሮ ነው የጫነልኝ። ሁሉም ባጃጅ ላይ አለ። እያሳላት እንኳ እንዴት እንደምታወርደው ይስሙ እንጂ! ማን ትሆን?"
ሚስቴ ናት አላልኩም። ከሴቶቹ ጋር ዚክሪ ይዛ፣ ወንድ ብቅ ሲል ድምጿን ዝቅ የምታደርግ ሴት...
ወርጄ በእግሬ ሄድኩ።

ቅዳሜ፣ ኅዳር 17
ነስሮ ደነገጠ። "ወላሂ ለክፋት አይደለም! ሚሞሪ ያመጣ ያለውን ይተውልኛል፣ የሌለውን ይወስዳል። ሥራችን እንዲህ ነው። ሰው ዱዓ ያደርግላታል ብዬ..."
ከራሱ ኮምፒውተር ላይ አጠፋው።
"የወጣውስ?"
"የወጣውማ ወጣ፣ ጋሼ።"
ልቆጣው አልኩና ተውኩት። እሱም እንደ እኔ አልጠየቃትም።

ሐሙስ፣ ታኅሣሥ 6
ለዋፊቃ ነገርኳት። አልጮኸችም። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።
"ይህን ለተማሪዎቼ ልንገራቸው? ስም አልጠራም" አለች።
"እኔን ምን ትጠይቂኛለሽ?" አልኳት።
በደጅ ባጃጅ መጣ፤ ሁለታችንም ጆሯችንን ቀሰርን። ዘፈን ነበር። አለፈ።
ሚሞሪውን ከስልኩ ጋር ጠቅልዬ ሣጥን ውስጥ መለስኩት። ከዚያ ወዲህ አልሰማሁትም። ሱብሒ ላይ ዱዓ አደርግላታለሁ... ድምፄን ዝቅ አድርጌ።