የግራ እግርህ በረባሶ

አዛናው፣

ስትነሣ የግራ በረባሶህን አትፈልገው። ይዤው ጎንደር መሄዴ ነው፤ የጭነት መኪናው መገንጠያው ላይ ቆሞ እየጠበቀኝ ነው።

ላሟን አልቤያታለሁ። ሽሮው ድስቱ ውስጥ አለ፣ አሙቀህ ብላ።

አባባ የተዉልን ባለ ሦስት እግር የዕቃ ብስክሌት ጎማው አልቆ ከቆመ ሰነበተ። የጎንደሩ ጎማ ነጋዴ የጎማውን ቁጥር ካላየ ልኩን አያገኝልኝም። ባለፈው አንተ በዓይንህ ገምተህ ያመጣኸው ከቸርኬው እየወለቀ መንገድ ላይ አስቀርቶኛል። ቁጥሩ ያለው በአሮጌው ጎማ ጎን ላይ ነበር፤ እሱን ደግሞ ቆራርጠህ የበረባሶ ማሰሪያ አደረግኸው፤ ቁጥሩ ያለበት ቁራጭ የግራው ላይ ነው። ያለቀ ነገር መስሎኝ ነው ብለሃል።

ይሁን።

ቁጥሩን ወረቀት ላይ መገልበጥ እችል ነበር። አልገለበጥሁም።

ሴት ልጅ ብስክሌት ስትነዳ ገበያተኛው ይስቃል፣ እኔም አፍራለሁ ትላለህ። የኑጉን ጆንያ በጀርባዬ ተሸክሜ ይፋግ ገበያ ስመላለስ ግን አንድ ቀን አላፈርህም።

ትናንት መምሬ ካሴ ፊት ምቀኛ ያልሁህ ልክ አልነበረም። የቀረው የተናገርሁት ሁሉ ልክ ነው።

ማሰሪያውን አልመልስልህም። ከእንግዲህ ቁጥሩ የሚቀመጠው እኔ ዘንድ ነው።

ለቅዳሜ ገበያ ጎማውን ይዤ እደርሳለሁ። በባዶ እግርህ ይፋግ መሄዱ ካሳፈረህ፣ ብስክሌቱ ፊት ያለው ሳጥን ላይ ውጣና ተቀመጥ።

እኔ እየነዳሁ አደርስሃለሁ።

እኅትህ ንግሥቲ