እንዳይታጠፍ የተባለው ሉህ

እስቲ የቆማችሁ ተቀመጡ፤ የተቀመጣችሁም ጠጋ ጠጋ በሉና የእህታችንን ሕይወት ስሙልን። እሳቸው ቢኖሩ «አሳጥሩት እንጂ!» ብለው ይቆጡን ነበርና አናስረዝምባችሁም።

እህታችን ከአናጺ አባታቸውና ከአዋላጅ እናታቸው በ1955 ዓ.ም. ተወለዱ። ከልጅነታቸው ጀምሮ አንድ ቦታ አርፎ መቀመጥ ስለማይሆንላቸው አባታቸው «ቁንጥንጧ» አሏቸው፤ ስሙም እስከ መጨረሻው አልለቀቃቸውም። በኤሌክትሪክ ምህንድስና ተመርቀው በ1979 ዓ.ም. ሆስፒታል ውስጥ በሕክምና መሣሪያዎች ጥገና ተቀጠሩ። በ1983 ዓ.ም. ከልብስ ሰፊው ባለቤታቸው ጋር ጎጆ ቀልሰው ሁለት ሴት ልጆች አፈሩ።

እናታቸው በስተርጅና ሰውነታቸው ይንቀጠቀጥ ጀመርና ኤም አር አይ የሚባለው፣ የሰውነትን ውስጥ በምስል የሚያሳየው ምርመራ ታዘዘላቸው። ያ ማሽን ደግሞ ሰው ንቅንቅ ሳይል ረጅም ሰዓት እንዲተኛለት ይፈልጋል። ምስሉ እየደበዘዘ ባለሙያዎቹ ደጋግመው መለሷቸው። «አይንቀሳቀሱ ይሉኛል! እሱን ብችልማ ምን ልሠራ መጣሁ?» ይሉ ነበር እናት። በሽታው ሲታወቅ ጊዜው አልፎ ነበር። እህታችን ይህ እንደ እሳት ሲያንገበግባቸው ኖረ። መተኛት ለማይችል ሰው ሰዓቱን ሳላሳጥር አላርፍም አሉ።

ከብዙ ዓመት በኋላ ከተመራማሪዎች ጋር ሆነው ሜታሰርፌስ የሚባለውን ሥራ ጀመሩ። ለእኛ እንዲገባን ሲያስረዱን፣ ቀጭን ሉህ ነው፤ ጥቃቅን የመዳብ መስመሮች በሥርዓት ተደርድረውበታል፤ በሽተኛው ሥር ሲነጠፍ የማሽኑን ሞገድ በሚፈለገው ቦታ ይሰበስባል፤ ምስሉ ቶሎ ይጠራል ብለውናል።

ታዲያ መከራው ሉሁን መሥራት ብቻ መች ሆነ? ከሰው እጅ ማዳኑ ነው እንጂ! ከታጠፈ መዳቡ ይሰነጠቃል፣ ልፋቱ ሁሉ ገደል ይገባል። የመጀመሪያውን ቤት ቢያመጡት ባለቤታቸው በካውያ ተኩሰው፣ አጣጥፈው፣ ከአንሶላ ጋር ቁም ሳጥን ከተቱት። ሁለተኛውን የጽዳት ሠራተኛዋ፣ ሌላውን ነርሷ አጣጠፉት፤ ሁሉም ለደግ ብለው። «እናንተ ሰዎች፣ አንድ ነገር እንኳ ሳታጣጥፉ ማደር አይሆንላችሁም?» እያሉ ስንቱን እንደ አዲስ ሠሩት።

አምና ለራሳቸው ምርመራ ሲታዘዝ ሉሁን ጠየቁ። የማሽኑ ባለሙያ አራት ቦታ አጣጥፎ ካኖረበት መሳቢያ በክብር አወጣላቸው! ጩኸታቸው ኮሪደሩን አናወጠው። ባለቤታቸው ወደ ልብስ ስፌት ቤታቸው ሮጡ። ለካስ አንዱን ሉህ እንደ ጣቃ ጨርቅ በወፍራም የካርቶን ቱቦ ላይ ጠቅልለው አኑረውት ኖሯል። «አላጣጠፍኩትም፣ እይው» አሉ እያለከለኩ። ቁንጥንጧም ተኙበት፤ ገና መቁነጥነጥ ሳይጀምሩ ምስሉ ጠርቶ ወጣ። የታየው በሽታ ግን ክፉ ነበር። እሳቸው ምስሉን ትኩር ብለው አይተው «ለእናቴም እንዲህ በታየላት» አሉ።

ሲታከሙ ቆይተው ጥር 19 ቀን 2017 ዓ.ም. በ62 ዓመታቸው ከዚህ ዓለም ድካም ተለዩ። ባለቤታቸውና ሁለቱ ልጆቻቸው ቀርተውልናል። አርፈው የማያውቁትን እህታችንን ፈጣሪ በሰላም ያሳርፍልን፤ ለቤተሰቡም ብርታቱን ይስጥ።

እናንተም ምናልባት አንድ ቀን እዚያ ማሽን ውስጥ ስትገቡ፣ ከጀርባችሁ ሥር የተነጠፈ ቀጭን ሉህ ካለ ቁንጥንጧን አስታውሱልን። ስትወርዱም፣ አደራችሁን፣ አታጣጥፉት።