ማሽን አርባ ሰባት

ውድ ወንድሜ፣

ውድ ያልኩህ እጄ ለምዶበት ነው፤ ልቤ ውስጥ ያለው ሌላ ነው። ስልክ ላይ ሁለት ቃል ሳልናገር «እትዬ፣ አይገባሽም» እያልክ ስለምታቋርጠኝ መጻፍ መረጥኩ። ወረቀት ላይ አፌን አትይዘኝም።

ባለፈው ወር፣ አንተ እዚያ ቢሮህ ቁጭ ብለህ በኢንተርኔት ገብተህ፣ እኛ ቤት ያለውን የእማዬን ኮምፒውተር ኦፐሬቲንግ ሲስተም አፕዴት አደረግክ። ማን ጠየቀህ? ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት! ስደውልልህ ደግሞ ምን አልከኝ? «ስልሳ ሁለት ማሽን ነው የማስተዳድረው፣ ለሁሉም በአንድ ቀን ነው የምለቀው። የእማዬ አርባ ሰባተኛ ላይ ነው።» አርባ ሰባት! የወለደችህን እናት ከመጋዘንና ከእንግዳ መቀበያ ኮምፒውተሮች ጋር አሰልፈህ ቁጥር ሰጠሃት። የመጋዘኑ ሰራተኛ ማሽኑ ቢቆምበት ተነስቶ በአፉ ያወራል። እማዬ በምኗ ታውራ?

የረሳኸው ስለመሰለኝ ላስታውስህ። ያ በሽታ ቀኝ ጎኗንና አንደበቷን ከያዘባት ወዲህ በግራ እጇ አመልካች ጣት አንድ አንድ ፊደል እየነካች ትጽፋለች፣ ማሽኑ በሴት ድምጽ ጮክ ብሎ ያነብላታል። ሃያ ስድስት ዓመት ስልክ ቤት ተቀምጣ ሰውን ከሰው ስታገናኝ የኖረች ሴት እኮ ናት፤ ዝም ማለት የት ታውቅና! ፕሮግራሙን የጫንክላት አንተ ነህ፣ አልክድም። የዚያን ቀን መጀመሪያ የጻፈችውን ታስታውሳለህ? «ይቺ ሴትዮ በአፍንጫዋ ነው እንዴ የምታወራው?» ብላ ሶስታችንም በሳቅ ሞትን።

ከአፕዴቱ በኋላ ማሽኑ ሃንግ ማድረግ አመጣ። እማዬ ጽፋ ትጨርሳለች፣ ስክሪኑ ድርቅ ይላል፣ ድምጹ ከስንት ደቂቃ በኋላ ይመጣል። ውሃውን አጠጥቻት፣ ብርጭቆውን አጥቤ ስመለስ «ውሃ ስጪኝ» ይለኛል። ከአፕዴቱ ወዲህ ሜሞሪ እያነሰው ነው መሰለኝ ብዬ ነገርኩህ። «አፕዴት ሜሞሪ አይበላም። ሜሞሪ እንዲሞላ ነው የተሰራው። አንቺ ብዙ ነገር ከፍተሽ ይሆናል» አልከኝ።

እኔ ምን እከፍታለሁ? ልብስ ሰፊ ነኝ፤ የማላውቀውን አልነካም፣ መለካት ግን አውቃለሁ። ያኔ ስትጭንላት «አራት ጊጋ ሜሞሪ ነው ያላት፤ ምንም ሳይከፈት ሁለቱ ይያዛል፣ ለፕሮግራሙ አንድ ይበቃዋል» ብለህ ራስህ አስጽፈኸኛል። የደንበኞቼን ልክ በምይዝበት ደብተር ላይ አለ። ከስሩ ደግሞ ጠዋት ጠዋት ገና እንደከፈትኩት የተያዘውን እያየሁ ጻፍኩ፤ ሶስት ነጥብ ሁለት፣ ሶስት ነጥብ አንድ፣ ሶስት ነጥብ ሶስት። የደንበኛዬ ወገብ እንዲህ ቢጨምር ቀሚሱን ፈትቼ እንደገና እሰፋለሁ እንጂ «አይገባሽም» አልላትም።

ይሄንንም እችለው ነበር። አንጀቴን ያሳረረው ያለፈው እሁድ ነው።

ሐኪሙ ግራ እጇም እየደከመ ነው ያለውን ነግሬሃለሁ። እሷም ታውቀዋለች። የዚያን ቀን ከጠዋት ጀምራ ስትጠብቅህ ነበር፤ ጸጉሬን አበጥሪልኝ አለች፣ ያንን ሰማያዊ ሹራብ አልብሺኝ አለች። «ለሱ የምነግረው አለኝ» አለችኝ። በስንት ጊዜህ በቪዲዮ ደወልክ። ስልኬን ኮምፒውተሩ አጠገብ አቆምኩላት። ጻፈች፣ ጻፈች፣ ማሽኑ ደረቀ።

«እማዬ፣ ምን አልሽ? አይሰማም» አልክ።

«ታገሳት፣ እየጻፈች ነው» አልኩህ።

ሰዓትህን አየህ። አይቼሃለሁ! «በቃ ሌላ ጊዜ እደውላለሁ፣ ስብሰባ አለኝ» ብለህ ዘጋኸው። የእሁድ ስብሰባ!

ሁለት ደቂቃ አልሞላም። የስልኬ ስክሪን ጠፍቶ ሳለ ያቺ የማሽኑ ሴትዮ በአፍንጫዋ ጀመረች፤ «ልጄ፣ እንዳትዘጋው። ቀስ ብዬ ነው የምጽፈው። አንድ ነገር ልነግርህ ነው።»

እማዬ ስልኩን አየችው። ከዚያ ማሽኑ ገና ያላነበበውን፣ የቀረውን ጽሑፍ፣ እኔ እንዳላየው በጣቷ አንድ አንድ ፊደል እያለች አጠፋችው። እኔ ወደ ጓዳ ገብቼ አለቀስኩ። ከንዴት ነው፤ ሌላ እንዳይመስልህ።

በማግስቱ ኮምፒውተሩን ታቅፌ መንገድ ማዶ ጥገና ቤት ወዳላት ሴትዮ ሄድኩ። ከፍታ አየችው። «አፕዴት ሁሉ አንድ አይደለም» አለችኝ። «ቀዳዳ የሚደፍነው ትንሹ ብዙም አይሰማም። ትልቁ ግን አዳዲስ ነገር ይዞ ይመጣል፤ ማሽኑ ሲነሳ አብሮ የሚነሳ፣ ከኋላ ሆኖ የሚሰራ። ሰፊ ሜሞሪ ያለው ማሽን አይሰማውም። ይቺን ግን አጨናንቋታል።»

«ታዲያ ስልሳ ሁለት ማሽን የሚያስተዳድረው ወንድሜ አፕዴት ሜሞሪ አይበላም ሲለኝ ዋሽቶኛል?»

«ኧረ አልዋሸም፤ አንዳንዱ ከቀናት በኋላ ይቀንሳል። ግን ስልሳ ማሽን የሚያይ ሰው የአንዷ ልክ ይጠፋዋል።»

የማያስፈልገውን ከማስነሻው ላይ አጠፋችልኝ፣ ሜሞሪውን ስምንት ጊጋ አደረገችው፣ «አፕዴቱን ግን አታቋርጪ፣ ለደህንነቱ ያስፈልጋል» ብላ መከረችኝ። ዛሬ እማዬ ጣቷን ሳታነሳ ድምጹ ይከተላታል። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት ይሉሃል ይሄ ነው።

እኔ ግን አልበረደልኝም። ጥፋቱን ሁሉ ማሽኑ ላይ ልደፈድፈው ሞክሬ ነበር፣ እምቢ አለኝ። ሜሞሪ ሞልቶ የዘገየው ማሽኑ ነው፤ ሁለት ደቂቃ መጠበቅ ያቃተህ አንተ ነህ። ለዚህ ጥገና ቤት የለም።

ማሽኑ ከተስተካከለ በኋላ «ምን ልትዪው ነበር? ንገሪኝና እኔ ልጻፍለት» አልኳት። ቀና ብላ አየችኝ፤ ጻፈች፤ ወዲያው ተነበበ። «ለሱ ነው። ለሌላ አልናገርም።» ትናንት አንዷን ፊደል ለመንካት ሶስት ጊዜ ሳተቻት።

ከቢሮህ ሆነህ ወደ ማሽኗ የምትገባበትን ፕሮግራም አስጠፍቼዋለሁ፤ አትድከም፣ አይከፈትልህም። በእግርህ ና። ስትመጣ ወንበር ስበህ አጠገቧ ተቀመጥ፣ ሰዓትህን ፍታ፣ የመጨረሻዋን ፊደል እስክትነካ ድረስ ትንፍሽ እንዳትል። ጣቷ እኮ እንደ ማሽኑ ሜሞሪ አይጨመርበትም። ቶሎ ና።

ገና ያልበረደላት
ታላቅ እህትህ