ዛፉ ስር ማን አለ?

ለእህቴ ለይመኙሻል፣

የልጄ የአሞጽ መርዶ የመጣ ዕለት መኮንኑ ያለኝን አጠገቤ ሆነሽ ሰምተሻል። «በሳተላይቱ፣ በድሮኑና በእግረኛው መካከል የመናበብ ክፍተት ነበር» አለኝ። ክፍተት!

አሁን ቦንጋ አጠገብ፣ ማንኪራ ነኝ፤ አብሮት የዘመተው ሳምሶን ቤት። ክፍተት ያሉት ምን እንደሆነ እሱ ነገረኝ። ልጄን የገደለው የገዛ ወገኑ ድሮን ነው። ጠዋት ጠላት ጉብታ ላይ ሳለ ሳተላይቱ ያነሳውን ፎቶ ይዘው ከሰዓት ተኮሱ። እነአሞጽ ጉብታውን መያዛቸውን በሬዲዮ ቢናገሩም ድሮኑን ለሚያዙት የነገራቸው የለም።

እኛ ዘንድ ቀፎ ጓሮ ይቀመጣል፤ እዚህ ጫካ ውስጥ ረጅም ዛፍ ላይ ይሰቀላል። ትናንት ወደ ማታ ሳምሶን ቀፎ በገመድ ሊያወርድ ዛፍ ላይ ወጣ፤ እኔና ሚስቱ ማርቲ ከዛፉ ራቅ ብለን ቆምን።

«ማርቲ! ዛፉ ስር ማን አለ?»

«ማንም የለም አልኩህ እኮ! ጆሮህን ንብ ነደፈህ እንዴ?»

«እንግዳችንስ? እትዬ፣ እርስዎም ድምፅዎን ያሰሙኝ!»

«ከማርቲ ጎን ነኝ ልጄ» እስክለው ድረስ ገመዱን አልለቀቀም።

ለአንድ ቀፎ ማር እንዲህ ይጠየቃል። ከሰማይ በላይ ካሜራ የሰቀሉት ግን ከመተኮሳቸው በፊት አንዴ እንኳ «እዚያ ማን አለ?» አላሉም። ከንዴቴ የተነሳ ማሩን አልቀመስኩም።

የምጽፍበት ፖስታ ካርድ ሞላብኝ። ልጆችሽን ሳሚልኝ፣ ጎረቤቱን ሁሉ ሰላም በይልኝ። የእኔ ሆድ እንዲበርድ አትጸልዩ፤ እንዲበርድ አልፈልግም። ለልጄ ጸልዩለት። የክርስትና ስሙ ኃይለ ጊዮርጊስ ነው፤ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁ ጥሩት።