የአያ ውብነህ ማጭድና የድንጋዩ በሬዎች

ሰኞ፣ ኅዳር 10

ምላሴን በቆረጠው! ጧት አያ ውብነህ ጣሊያን ጥሎት በሄደው ሽቦ ያጠርኩትን አጥር ሾልከው ገብተው፣ ጥንት በሬዎች በተቀረጹበት ቋጥኝ ላይ ማጭዳቸውን ሲስሉ አገኘኋቸው። አባታቸውም እዚያው ነበር የሚስሉት። የመሪው በሬ የኋላ እግር ተፍቆ ሊያልቅ ነው። ቋጥኙን እንድጠብቅ የላኩኝ ሹም ሐሙስ ከጎንደር ይመጣሉ፤ ሰው ቋጥኙን ካላከበረው አጥሩን አስነስተው እኔን ወደ ከተማ ሊመልሱኝ ነው። ብለምናቸው እምቢ አሉ። ተናድጄ «በንጉሥ አምላክ!» አልኳቸው።

እንዲህ የተባለ ሰው ዳኛ ፊት ሳይቀርብ ከከሳሹ አይለይም። የመንደሩ ዳኛ ጭቃ ሹሙ ደግሞ መካነ ብርሃን ሄዷል፤ ነገ ነው የሚመለሰው። አያ የጋቢያቸውን ጫፍ ከኩታዬ ጋር ቋጠሩት። በአባታቸው ጊዜ እንደዚህ ነበር አሉ። የደረሰ ገብስ አላቸው፤ ሰማዩም ጠቁሯል።

ማክሰኞ

ከአያ ጋር እንደተቋጠርኩ ገብስ ሳጭድ ዋልኩ። እኔ፣ ፒያሳ ያደግሁት! ምን ላድርግ፣ አዝመራው ዝናብ ቢመታው ጥፋቱ የኔ ነው። ወገቤ ተቆረጠ፣ መዳፌ ውሃ ቋጠረ፣ ጎረቤት ሁሉ ሳቀብን። አያ ግን «ለከተሜ ሸጋ ታጭዳለህ» አሉኝ። ደስ አለኝ፤ ለምን እዋሻለሁ።

ወደ ማታ ጭቃ ሹሙ ደርሶ ፈረደ። አያ ቋጥኙን እንዳይነኩ፣ እኔ ሌላ መሳያ ድንጋይ እንዳመጣ። ቋጠሮው ተፈታ።

ረቡዕ፣ ሚካኤል

በዓል ነው፣ አጨዳ የለም። ከቤተ ክርስቲያን መልስ ከአያ ጋር ወንዝ ወርደን መሳያ መረጥን። አራት ድንጋይ ናቁ፤ አምስተኛውን በአውራ ጣታቸው ዳስሰው ወደዱት።

ስንመለስ በሬዎቹን አሳየኋቸው። ዕድሜ ልካቸውን ማጭድ ሳሉባቸው እንጂ አላዩአቸውም ነበር። መሪው አንድ ቀንዱ ወደ ታች የወደቀ ነው።

«ይኸማ የኔው በሬ ጎሹ ነው» አሉና ብዙ ቆሙ።

ሐሙስ

ሹሙ መጡ። ባለ ሚስማር ጫማቸውን እንዳደረጉ ቋጥኙ ላይ ወጡ። ምን ብዬ ላውርዳቸው እያልኩ ስጨነቅ፣ አያ ከአጥሩ በር በኩል ጮሁ።

«በንጉሥ አምላክ! ጎሹን ረግጠውታል፣ ጌታዬ።»

አያ ቀስ ብለው ቀርበው የጋቢያቸውን ጫፍ ከሹሙ ካፖርት ጋር ቋጠሩት። ሹሙ ቋጠሮውን አዩ፣ እግራቸውን አዩ፣ ከዚያ ጎንበስ ብለው ጫማቸውን አወለቁ። ሰዉ ቋጥኙን እንዲህ ካከበረው አጥሩ አይነካም አሉኝ።

ቋጠሮውን እንዲፈቱላቸው አያን ለመንኩ፤ ዳኛ ይምጣ አሉ። ጭቃ ሹሙን የሚጠራ ሰው ልከናል። ይህን ስጽፍ ሁለቱ እንደተቆራኙ አያ ደጃፍ ተቀምጠው ጠላ እየጠጡ ነው።