ቡሎኑ የነከሰ ዕለት

ውዴ ተሰማ፣

እንዴት ሰነበትክ ብዬ እንዳልጀምር መልስ የለህም። ተስቦው ከጎኔ ከነጠቀህ ባለፈው ሳምንት ዓመት ሞላህ። ሙት ዓመትህን በቂርቆስ አወጣሁልህ።

ቤታችን እንዳለ ነው። አልማዝ ሁለት የፊት ጥርሷን አውልቃ ስትስቅ ቁርጥ አንተን ሆናለች። ከበላያችን የነበረው ሜዳ የጣሊያን ሹማምንት ቤት ተሠርቶበት አልቋል፤ ሰዉ ስሙን ከአፋቸው እየሰማ ካዛንቺስ ይለው ጀምሯል። እኔም የጋራዡን ቱታ አሁንም አጥባለሁ። አጥቤ ስቆጥር ሁልጊዜ አንድ የጎደለ ይመስለኛል፤ ያንተ መሆኑ ትዝ የሚለኝ ኋላ ነው።

ዛሬ የምጽፍልህ ጋራዥ አብሮህ ይሠራ የነበረው ሽማግሌው ጋሽ ወልዴ በሙት ዓመትህ መጥቶ አንድ ነገር ስለነገረኝ ነው። አንተ ያልነገርከኝን።

ጋሽ ወልዴ የተቆለፈበት ዕለት የታጠበ ቱታ ተሸክሜ ጋራዡ ስደርስ ግቢው ጭር ብሎ ነበር። አንድ ትልቅ የጭነት መኪና ሞተሩ ተከፍቶ ቆሟል። በዋዜማው ጋሽ ወልዴ የሞተሩን ክዳን፣ እናንተ ቴስታታ የምትሉትን፣ ሲያስር የአንዱ ቡሎን ቀዳዳ የውስጥ ጥርሱ ተበልቶ ቡሎኑ ይሾራል እንጂ አልነክስ አለ። አለቃችሁ ጣሊያናዊው ካፖ፣ ሆን ብሎ ነው ያበላሸው ብሎ ሽማግሌውን ዕቃ ቤት ቆለፈበት። ከሰዓት በኋላ ካራቢኜሮች፣ የጣሊያን ፖሊሶቹ፣ መጥተው ሊወስዱት ነው። ተወስዶ የተመለሰ ማንን አይተናል?

አንተ ያንን ቡሎን ከሌሎቹ ጎን አጋድመህ ትለካለህ። ከሁሉም በአንድ ጣት አንጓ ያጥር ነበር። ከዚያ በፊት አንድ ሰው ልኩ ያልሆነ ቡሎን ከትቶበት፣ ሁለት ሦስት ጥርስ ብቻ ነክሶ ኖሯል። የከተተው ካፖው ራሱ እንደነበር እሱም አንተም ታውቁ ነበር። ግን አላፋጠጥከውም። ሁሉንም ቡሎኖች ፊቱ ደርድረህ፣ «ሞተሩ አርጅቷል። እስከ ስድስት ሰዓት ጊዜ ስጠኝ» አልከው።

ተባባሪ እንዳይባል ሠራተኛው ሁሉ ሸሸህ። እኔ ቱታውን አስቀምጬ የዘይቱን ቆርቆሮ አነሳሁ።

«ሂጂ እንጂ» አልከኝ።

አልሄድኩም።

«እንግዲያው ጠብ ጠብ አድርጊ፤ አታፍስሺ።»

ብናኝ እንዳይገባ የሞተሩን ሆድ በጨርቅ ደፈንክ። የተበላውን ቀዳዳ በእጅ መሰርሰሪያ አሰፋኸው። ከዚያ ጥርስ የሚያወጣውን ብረት ከተትክና ግማሽ ዙር ወደ ፊት፣ ሩብ ዙር ወደ ኋላ፣ እንደገና ግማሽ ዙር ወደ ፊት። ላብህ በአፍንጫህ ጫፍ ይንጠለጠላል፤ እጅህ ግን አይቸኩልም። ወፍራም ቡሎን ጥብቅ አድርገህ አሰርክበት፣ ራሱን በመጋዝ ቆርጠህ በሞረድ ከሞተሩ ገላ ጋር እኩል አደረግከው። እኔ ያለቀ መሰለኝ። አንተ ግን የደፈንከውን ያንኑ ብረት መሃሉን በስተህ፣ የዱሮውን ጥርስ በልኩ አወጣህበት። የሞተ ቀዳዳ ሌላ ሥጋ ለብሶ ተነሣ። የቄስ ልጅ ነኝ፤ ተአምር ሲነበብ እየሰማሁ ነው ያደግኩት። ሲሠራ ያየሁት ግን ያን ቀን ነው።

ቴስታታውን መልሰህ ከመሃል ወደ ዳር ስታስር ካፖው ራስጌህ ቆሟል። ልኩን የጠበቀ ሌላ ቡሎን አስገባህ። ዞረ፣ ዞረ፤ ከዚያ ነከሰ። መፍቻው ቀጥ አለ። ሞተሩ ሲነሳ አንድ ትንፋሽ እንኳ አላመለጠውም። ካፖው ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ዕቃ ቤቱን ከፈተ።

ይህን በዐይኔ አይቻለሁ። ያላወቅኩትን ግን ጋሽ ወልዴ ነው የነገረኝ። እኔ ከመድረሴ በፊት ካፖውን ስታናግር በዕቃ ቤቱ በር ስንጥቅ ሰምቶሃል። «ሞተሩ ካልያዘ እሱን ፍታና እኔን አስረክብ። ዋሱ እኔ ነኝ» ብለኸዋል። ሽማግሌው ይህን ሲነግረኝ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ።

መጀመሪያ ተናደድኩብህ። አልማዝስ? እኔስ? እውነቱን ልንገርህ፣ ንዴቱ አሁንም ጨርሶ አልወጣልኝም። ከዚያ ግን እዚያ ቆሜ ያየሁትን ሁሉ አንድ በአንድ አስታወስኩ። ብረት የምትጠግን መስሎኝ ነው ዘይት ሳንጠባጥብ የነበረው። ነፍስህን አስይዘህ እጅህ አንዴ እንኳ አልተንቀጠቀጠም! ቤት ገብተህም «ሽሮው ጨው አንሶታል» ነው ያልከኝ። ስድስት ዓመት አብሬህ ኖሬ፣ ከማን ጋር እንደኖርኩ ገና አሁን ማወቄ ነው።

አንተ ሳትናገረው ሄድክ። እኔ ዝም አልልም። አልማዝ ነፍስ ስታውቅ እነግራታለሁ፤ እስክትሰለች እነግራታለሁ። ስትሰለችም ለልጆቿ እነግራለሁ።

የማትረሳህ ሚስትህ፣
ጥሩነሽ