ምልክት ስላለበት ያልተከፈተው ፊልትሮ

ለተከበሩ የተሽከርካሪ መለዋወጫ ጥራት ማረጋገጫ መሥሪያ ቤት ዋና ኃላፊ፣
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ እርስዎም፣ ባለቤትዎም፣ ልጆችዎም በሙሉ ጤንነት ላይ እንደምትገኙ ተስፋ አደርጋለሁ። የመኪናዎም ሞተር ደህና እንደሆነ አምናለሁ። የሞተርን ጤና ከቤተሰብ ጤና ጋር አንድ ላይ መጠየቄ እንደ ነውር አይቆጠርብኝ፤ በእኛ ቤት ሁለቱ ከተቆራኙ ሰነባብተዋል።

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። ስለ መኪና የማውቀው ከተሳፋሪ ወንበር ላይ ሆኖ የሚታየውን ያህል ብቻ ነው። እርስዎ ግን በሌላ መጠሪያ ያውቁኛል፤ መሥሪያ ቤትዎ በጻፈው ውሳኔ ላይ «የተጎጂ ቤተሰብ» ከተባልነው አንዷ ነኝ። የትምህርት ቤቱ አውቶቡስ ቁልቁለቱ ላይ ሞተሩ ቀጥ ብሎበት የግንባታ አሸዋ ክምር ውስጥ የገባ ዕለት ክንዷ የተሰበረው ልጅ የእኔ ናት። ውሳኔው «የተጎጂ ቤተሰቦችን እንባ ለማበስ» ሲባል የሾፌሩ መንጃ ፈቃድ መነጠቁን ያበሥረናል። ስለ እንባዬ ስላሰቡልኝ እጅግ አመሰግናለሁ፤ ነገር ግን በእኔ እንባ ስም ሰው እንዲቀጣልኝ ማንንም ስላልለመንኩ፣ ውለታውን በአክብሮት ልመልስልዎ ይህን ደብዳቤ በአደባባይ ለመጻፍ ተገደድኩ።

ሾፌሩን ልጆቹ «ጋሼ ቀስታ» ይሏቸዋል። ስሙ የወጣላቸው በአድናቆት አይደለም፤ በእግራቸው የሚሄዱት ልጆች አንዳንድ ቀን አውቶቡሱን ቀድመው ትምህርት ቤት ስለሚደርሱ ነው። እኛም ወላጆች በዚህ ስንቴ አጉረምርመናል። በዚያ ቀን ሞተሩ ነክሶ ቀጥ ሲል መሪው ደነደነ፣ ፍሬኑም ቢረግጡት አልታዘዝ አለ። ከቁልቁለቱ ግርጌ ሰው የሚርመሰመስበት መስቀለኛ መንገድ አለ። ጋሼ ቀስታ የእጅ ፍሬኑን ስበው፣ የአውቶቡሱን ጎን ከግንብ አጥር ጋር እያፋተጉ ወስደው አሸዋው ላይ አሳረፉት። ልጆቹ ሁሉ በእግራቸው ወረዱ። የእኔዋ ስትወርድ አንድ ክንዷን በሌላው እጇ ደግፋ ነበር።

እንግዲህ ቅሬታዎቼን፣ ጊዜዎን ላለማባከን፣ በቁጥር አድርጌ አቀርባለሁ።

አንደኛ፦ መርማሪዎችዎ የሞተሩን ዘይት የሚያጣራውን ፊልትሮ ሳይከፍቱ ምርመራውን በመጨረሳቸው የተሰማኝን አድናቆት መግለጽ እወዳለሁ። ውሳኔው ቃል በቃል «የዘይት ፊልትሮው የመሥሪያ ቤታችን የጥራት ምልክት የተለጠፈበት በመሆኑ መክፈት አላስፈለገም፤ ስለሆነም የአደጋው መንስኤ የአሽከርካሪው ቸልተኝነት ነው» ይላል። ምልክቱ ጥፋተኛ ሊሆን ስለማይችል ሰውየው ጥፋተኛ ሆኑ ማለት ነው። የልጄን ክንድ ያየው ሐኪም ከእናንተ ዘንድ ሠልጥኖ ቢሆን ኖሮ፣ እጅጌዋ በጥሩ ክር ስለተሰፋ አጥንቷን ማየት አያስፈልግም ብሎ ይሸኘን ነበር።

ሁለተኛ፦ እናንተ ያልከፈታችሁትን ፊልትሮ የጋራዡ ባለቤት እኔ ቆሜ እያየሁ በመጋዝ ከፈተው። ውስጡ ያለው ማጣሪያ ወረቀት ከተለጠፈበት ክዳን ተላቆ ተቦጫጭቋል። ብጭቅጫቂው ዘይቱ በሚሄድበት ቀጭን መንገድ ገብቶ ደፍኖታል፤ ዘይት ያጣውም ብረት ከብረት ጋር ተፋትጎ ሞተሩን ነክሶ አስቀርቶታል። ፊልትሮው አላረጀም፤ ዘይቱም እሱም በቅርቡ የተቀየሩ ናቸው። ጋሼ ቀስታ ራሳቸው ከትልቁ የመለዋወጫ መደብር ሄደው፣ ምልክት የሌለበትን ትተው፣ ምልክታችሁ ያለበትን መርጠው ገዝተውታል። ሰውየው የፈጸሙት ቸልተኝነት ካለ እናንተን ማመናቸው ነው።

ሦስተኛ፦ በየጋራዡ ግድግዳ ላይ ስላስለጠፋችሁት «ጥራት ያለው የዘይትና የነዳጅ ፊልትሮ አመራረጥ» ስለሚለው ማስታወቂያ በተለይ ማመስገን ይገባኛል። ሦስት ምክሮች አሉት፤ ምልክታችንን ይመልከቱ፣ ምልክታችን መኖሩን ያረጋግጡ፣ ምልክታችን የሌለበትን አይግዙ። የጋራዡ ባለቤት ግን ሁለት የተከፈቱ ፊልትሮዎች፣ አንድ ደህናና አንድ ምልክታችሁ ያለበት፣ ጎን ለጎን አስቀምጦ አሳየኝ። የደህናው ወረቀት ጥቅጥቅ ብሎ እኩል በእኩል ታጥፏል፤ የዚያኛው እጥፋት አንዱ ሰፊ አንዱ ጠባብ ሆኖ፣ ጣት ሲነካው ይላቀቃል። የደህናው አፍ ላይ ያለው ጎማ ሲጫኑት ተመልሶ ይነሳል፤ የዚያኛው ተጨፍልቆ ይቀራል። ሞተር ሲጠፋ ዘይቱ ተመልሶ እንዳይፈስ የሚይዘው ስስ ክዳን በአንዱ አለ፣ በሌላው ጭራሽ የለም። የናፍታውም ፊልትሮ እንደዚሁ ነው፤ ደህናው ውሃውንና ዝቃጩን ያስቀራል፣ ምልክት ያለበት ግን ሁሉንም በእንግድነት ተቀብሎ ወደ ሞተሩ ያሳልፋል። ይህን ሁሉ ማስታወቂያው ላይ ለመጻፍ የእርስዎን ፎቶግራፍ ጥቂት ማሳነስ ብቻ ይበቃ ነበር።

አራተኛ፦ ይህን ቁጥር ባለቤቴ አንብቦ፣ ያስከስስሻል ብሎ ሙሉ በሙሉ ሰርዞብኛል። ባዶ ቦታውን በሚገባዎት ቃል ይሙሉት።

አምስተኛ፦ ምልክት ምን እንደሆነ እኔም በሙያዬ ጥቂት አውቃለሁ። አንዳንድ ደንበኞቼ እዚሁ በእጄ በሰፋሁላቸው ኮት ላይ የታወቀ የውጭ ፋብሪካ ስም እንድሰፋላቸው ይጠይቁኛል። ስሙ በጥቅል ይሸጣል፤ እንደ ላስቲክ እየተቆረጠ። እኔ ይህ ቁራጭ ጨርቅ አያሞቅዎትም ብዬ እመልሳቸዋለሁ፤ እነሱም ይስቁብኛል። ታዲያ ያንኑ ዓይነት ፊልትሮ ገዝቼ ላወዳድር ወደ መደብሩ በሄድኩ ጊዜ፣ ሻጩ ያቀረበልኝ ካርቶን ምልክት አልነበረውም። ምልክቱስ የት አለ ብዬ ብጠይቀው፣ ምን ችግር አለው እህቴ ብሎ ከመሳቢያው አንድ ጥቅል አወጣና፣ የሚያብረቀርቀውን የጥራት ምልክታችሁን ቀድዶ ለጠፈልኝ፤ እንዳይላቀቅም በአውራ ጣቱ አሸት አሸት አደረገው። የመሥሪያ ቤታችሁን ምርመራ በዓይኔ ያየሁት ያኔ ነው። ፈጣን ነው፤ ወረፋም የለውም።

ክቡር ሆይ፤ ትሕትናዬ እዚህ ላይ ቢደክም ይቅርታ ያድርጉልኝ። ተናድጃለሁ። የተናደድኩት በልጄ ክንድ ብቻ እንዳይመስልዎ፤ ክንዱስ እየዳነ ነው። ጋሼ ቀስታ ባለፈው ሊጠይቋት ቤታችን መጥተው ነበር። ወንበሩ ጫፍ ላይ ቁጢጥ ብለው፣ ኮፍያቸውን በእጃቸው እያዞሩ፣ ዘይት ማነሱን የሚያስጠነቅቀው መብራት በርቶ ሳላየው ቀርቼ ይሆን እንዴ ብለው ጠየቁኝ። እኔን፣ ልብስ ሰፊዋን! ዕድሜያቸውን ሙሉ መሪ የጨበጡ ሰው፣ እናንተ ያለ ምርመራ በጻፋችሁት አንድ ቃል የገዛ ዓይናቸውን መጠራጠር ጀምረዋል። ልጄ ጓደኞቿ ሁሉ ስማቸውን የጻፉበትን ጀሶ ዘርግታ እርስዎም ይጻፉልኝ ብላ እስኪርቢቶ ሰጠቻቸው። ተቀብለው መልሰው ሰጧትና፣ የእኔ ስም አሁን አያምርም፣ ልጄ አሏት። ጀሶው ላይ ለሳቸው የተተወው ቦታ እስካሁን ባዶ ነው።

በሌላ በኩል አውቶቡሱ አዲስ ሞተር ገብቶለት፣ በዚያው ምልክት ያጌጠ ፊልትሮ ታስሮለት፣ ያንኑ ቁልቁለት እየወረደ ነው። አዲሱ ሾፌር ፈጣን ስለሆነ ልጆቹ አሁን በሰዓቱ ይደርሳሉ። እኔ ግን ልጄን በእግሯ ነው የምልካት፤ አውቶቡሱ ሌሎቹን ልጆች ጭኖ ሲወርድ ባየሁ ቁጥርም እስኪያልፍ ድረስ መርፌዬን አቁሜ በዓይኔ እሸኘዋለሁ።

ስለዚህ ልመናዬ አጭር ነው። ፊልትሮውን ጋራዡ አስቀምጦታልና መጥታችሁ እዩት፤ አሁን ተከፍቷል፣ ለመክፈት አትደክሙም። ከዚያም «ቸልተኝነት» የሚለውን ቃል ከሰውየው ስም ላይ አንሡልኝ፤ ቃሉ ባለቤት አጥቶ እንዳይቀርም ባለቤቱ በመሥሪያ ቤታችሁ ውስጥ ይፈለግ። መንጃ ፈቃዳቸውንም መልሱላቸው። ለእንባዬ ማበሻ ሌላ ነገር አያስፈልገኝም።

ለክብርዎ ማስታወሻ ይሆን ዘንድ ባለኝ ምርጥ ክር «ጥራቱ የተረጋገጠ» ብዬ የጠለፍኩባት ትንሽ ጨርቅ ከዚህ ደብዳቤ ጋር አያይዣለሁ። ኮትዎ ደረት ላይ ያሰፏት። እሷ እስካለች ድረስ ማንም ውስጥዎን ከፍቶ ማየት አያስፈልገውም።

ረዥም ዕድሜ፣ ሰፊ ወንበርና የማይነክስ ሞተር እየተመኘሁልዎ፣ ያለ ፈቃዴ እንባዬ የታበሰልኝ፣ መርፌዬን ለጊዜው አስቀምጬ ብዕር ያነሳሁት፣

ልብስ ሰፊዋ፣ የተጎጂዋ እናት

ከፊርማዬ በኋላ ትዝ ያለኝ፦ በዚያ መደብር ተራዬን ስጠብቅ ከፊቴ የነበሩት የእርስዎ ሾፌር ናቸው፤ የመሥሪያ ቤቱ ስም በጎኗ የተጻፈባት መኪናዎ በር ላይ ቆማ ነበር። ሻጩ ጥቅሉን ሊያወጣ መሳቢያውን ሲስብ፣ ሾፌርዎ በእጃቸው ከለከሉትና «ኧረ ተው፣ ለአለቃዬ መኪና ነው! ራሳቸው አደራ ብለውኛል፤ ምልክት የሌለበትን፣ ዋናውን ስጠኝ» አሉት። እሱም ከኋላ ካለው መደርደሪያ አምጥቶ ሰጣቸው። እንግዲህ ጥራት ያለው ፊልትሮ መምረጥ እንደማያውቁ ቆጥሬ ይህን ሁሉ በመዘርዘሬ ይቅርታ እጠይቃለሁ። ለካ ያውቃሉ።